ሦስት መንግሥት፣ አንድ ከተማ፦ የዋሽንግተን የጉዞ ማስታወሻ

መስከረም 9፣ 2018፤ ከደለስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ

አውሮፕላኑ ደለስ ያረፈው በጠዋት ነው። ከበሩ ወጥተን የገባነው በትልልቅ ጎማዎች ላይ የቆመ ሳሎን መሳይ ተሽከርካሪ ውስጥ ነበር። ኤርፖርቱ በ1962 ሲከፈት መንገደኛ ብዙ እንዳይራመድ ብለው ያመጡት ዘዴ ነው፤ እስካሁን ይሠራል። (የአሜሪካኖቹን ዓመተ ምሕረት በእነሱው አቆጣጠር፣ የራሴን ቀኖች ግን በኛው ነው የምጽፈው።)

የአክስቴ ልጅ ሊቀበለኝ መጥቷል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» ነው የምለው። ዲሲ (ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ራሷ) ውስጥ ታክሲ ይነዳል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ «ዲሲ ነው የሚኖረው» ይላል፤ ቤቱ ግን ጎረቤቷ ስቴት ሜሪላንድ ነው፣ ያረፍኩበት ኤርፖርት ደግሞ በሌላው ጎኗ ያለችው ስቴት ቨርጂንያ። እኔ ሥራዬ የከተማ ፕላን ስለሆነ፣ ዘመድ ጥየቃም ብሄድ ዓይኔ አያርፍም። ገና ሻንጣ ሳልፈታ መጠየቅ ጀመርኩ።

ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ዋሽንግተንን ዙሪያዋን 103 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። በቨርጂንያ በኩል ከዋናው መንገድ ጎን ለብቻው የተከለለ፣ ዋጋው እንደ መጨናነቁ ከፍና ዝቅ የሚል የክፍያ መስመር አለ፤ በ2012 ነው የተከፈተው። ጋሼ ዋጋውን አይቶ «ቡና ከነቁርሱ ይገዛል» ብሎ በነፃው ቀጠለ። ወደ ፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ስንጠጋ ግን ከፋዩም ያልከፈለውም አንድ ላይ ቆመ። ከድልድዩ ማዶ ሜሪላንድ ናት፤ ሜሪላንድ ደግሞ ቤልትዌይ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የላትም። አስባ ነበር፤ በ2023 ሊሠራ የነበረው የግል ድርጅት ጥሎ ወጣ። ቨርጂንያ መንገዷን እስከ ደጇ አደረሰች፣ ጎረቤቷ አልተቀበለቻትም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው እዚያው ቆመን ወሬ ጨረስን።

መስከረም 10፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እና ታኮማ ፓርክ

ቅዳሜ ነው። የጋሼ ባለቤት ጨጨብሳ ሠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ከዚያ ወደ ሐበሻ ሱቅ ላከችን። አሥር እንጀራ በ14 ዶላር ገዛን። ሻጩ «የጤፍ ነው፣ ንጹሕ» አለ፤ ጋሼ ደግሞ ከሱቁ ስንወጣ «ገብስ አለበት» አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ ሲኒማ፣ የሜትሮ (የከተማው ባቡር) ጣቢያ፣ 80 ሺህ ገደማ ሕዝብ አለ። ከንቲባ የለም። ምክር ቤትም የለም። በሕግ ፊት ከተማ አይደለምና። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ ከስቴቱ ሥር ያለ አስተዳደር ነው) አንድ ሰፈር ነው፤ መንገዱን፣ ፖሊሱን፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ጋሼ እዚያ ስንት ዘመን ኖሮ ይህን ከእኔ መስማቱ ገረመኝ፤ «ታዲያ ደብዳቤ ሲመጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይላል እኮ» አለ። የፖስታ አድራሻ ነው።

ጎኑ ያለችው ታኮማ ፓርክ ግን ከ1890 ጀምሮ የራሷ ከንቲባ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ዛፏ ብዙ፣ ቤቷ አሮጌ፣ ነዋሪዋ ስብሰባ የሚወድ። እስከ 1997 ድረስ ራሷ በሁለት ካውንቲ ተከፍላ ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው ተጠቃላ ወደ ሞንትጎመሪ የገባችው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪ በከተማው ምርጫ ይመርጣል፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ 16 ዓመት የሞላውም። ስለዚህ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አንድ የኛ ሰው መንገድ ተሻግሮ ቤት ቢከራይ ከንቲባ መምረጥ ይችላል፤ ከመንገዱ ወዲህ ከቀረ የሚመርጠው ከንቲባም የለው።

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወደ ኢስተርን አቬኑ ወረድኩ። የመንገዱ አንድ ዳር ሜሪላንድ ነው፣ ሌላው ዲሲ። ዲሲ በ1910 በወጣ ሕግ የሕንፃ ቁመት ተገድቦባታል፤ የፎቁ ከፍታ ከመንገዱ ስፋት ጋር ታስሮ ነው የሚሰላው። ስለዚህ ረጃጅሙ ፎቅ ሁሉ ከድንበሩ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተስዳና ሮዝሊን ላይ ተደርድሯል። ካርታ ሳይይዝ የሄደ ሰው ቀና ብሎ ብቻ ድንበሩን ያውቀዋል። ከመንገዱ ዳር፣ በብረት አጥር ውስጥ፣ በ1790ዎቹ መጀመሪያ ከተተከሉት 40 የወሰን ድንጋዮች አንዱን አየሁ። አንድሩ ኤሊኮት የሚባል ቀያሽ ነበር ሥራውን የመራው፤ ረዳቱ ቤንጃሚን ባኔከር ነፃ ጥቁር ሰውና የከዋክብት ሊቅ ነበር። ያኔ የተቀየሰው አራት ማዕዘን፣ በየጎኑ አሥር ማይል፣ ዛሬ ሙሉ አይደለም። ቨርጂንያ ድርሻዋን በ1846 በወጣ ሕግ መልሳ ወስዳለች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ አጠገብ ፐርፕል ላይን የሚባለው ቀላል ባቡር እየተሠራ ነው፤ 26 ኪሎ ሜትር፣ 21 ጣቢያ። በ2022 ይከፈታል ተብሎ ነበር፤ በ2020 ተቋራጩ ጥሎ ሄደና አሁን ቀነ ቀጠሮው 2027 መጨረሻ ላይ ነው። ነባሩ ሜትሮ ሁሉንም ወደ መሃል ዲሲ ይወስዳል እንጂ ዳርና ዳሩን አያገናኝም፤ ይኼኛው ሙሉ በሙሉ በሜሪላንድ ምድር ስለሚሄድ ሌላውን ማስፈቀድ አላስፈለገውም። እኛም ሜክሲኮ ሳይረግጡ ከጀሞ አያት የሚያደርስ ነገር ቢኖረን!

መስከረም 12፤ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ዩ ስትሪት

የጋሼ ባለቤት «70 ቁጥር ያዢ፣ ቀጥ አድርጎ ያወርድሻል» ብላ ላከችኝ። ፌርማታው ላይ 70 ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ሦስት አውቶቡስ አሳለፍኩ። አንዲት የኤልሳልቫዶር እናት ናቸው በእጅ ምልክት ያስረዱኝ፦ ሰኔ መጨረሻ ላይ የሜትሮ አውቶቡስ መስመሮች በሙሉ ስማቸው ተቀይሯል። አሁን ቁጥሩ በፊደል ይጀምራል፦ ወደ መሃል ዲሲ የሚገባው «ዲ»፣ የሞንትጎመሪው «ኤም»፣ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲው «ፒ»፣ የአርሊንግተንና የአሌክሳንድሪያው «ኤ»፣ የፌርፋክሱ «ኤፍ»። የአገሩን አስተዳደር ክፍፍል ማጥናት የፈለገ ሰው ፌርማታ ላይ ቢቆም ይበቃዋል።

ዋጋው 2.25 ዶላር ነው። በዚያው መንገድ ላይ የሚሄደው የካውንቲው አውቶቡስ፣ ራይድ ኦን፣ ከዚህ ክረምት ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ሁለቱ አንድ ፌርማታ ላይ ይቆማሉ። ደግነቱ ስማርትሪፕ የሚባለው ካርድ በሦስቱም ግዛት፣ በሁሉም ድርጅት አውቶቡስ ይሠራል፤ ከዚህ ሁሉ ክፍፍል ውስጥ ያስቀናኝ እሱ ነው።

ዩ ስትሪትና 9ኛ መንገድ የድሮው የሐበሻ ሰፈር ነው። ምግብ ቤቶቹ አሉ፤ ግን ኪራዩ ብዙዎቹን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ቨርጂንያ እንደገፋቸው ሁሉም ይናገራል። በያይነቱ 20 ዶላር በላሁ፤ ከነታክሱ 22። ዲሲ ለምግብ ቤት 10 በመቶ ታስከፍላለች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ 6 በመቶ ነው። አሌክሳንድሪያ 11 እንደሆነ ኋላ በኪሴ አወቅሁ። ሽሮው ግን ሦስቱም ጋ ያው ሽሮ ነው (የአሌክሳንድሪያው ትንሽ ይበልጣል፣ እውነቱን ለመናገር)።

መንገድ ላይና ጣቢያው በር ላይ ናሽናል ጋርድ የሚባለው ተጠባባቂ ጦር ወታደሮች ቆመዋል። በነሐሴ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ናቸው ያሰማሯቸው። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ውስጥ ጋርዱን የሚያዘው የየስቴቱ ገዢ ነው፤ በዲሲ ግን ፕሬዚዳንቱ እንጂ ከንቲባዋ አያዙም። የዲሲ ነዋሪዎች ከንቲባና ምክር ቤት መምረጥ የተፈቀደላቸውም በ1973 በወጣው ሕግ ነው። እሱም ቢሆን ኮንግረሱ እነሱ ያወጡትን ሕግ ይሽራል፤ በ2023 የወንጀል ሕጋቸውን ሽሮታል። በ2025 መጋቢት ደግሞ ራሳቸው በግብር ከሰበሰቡት ገንዘብ ጭምር አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዳያወጡ አስሮባቸዋል። 700 ሺህ ሕዝብ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥለት እንደራሴ የለውም። ይህን ብሶታቸውን በመኪና ታርጋቸው ላይ ጽፈው ይዞራሉ።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ከተማዋን ተጠሪነቷን ለፌዴራል መንግሥት አድርጎ፣ ዙሪያዋን ለከበባት ክልል ደግሞ ልዩ ጥቅም ይጠበቃል ይላል። የኛ ልዩነት አንድ ክልል ነው የከበበን፤ እነሱን ሁለት።

መስከረም 13፤ የባቡሩ ባለቤት ማነው?

ቀኑን በሜትሮ ስዞር ዋልኩ። የመጀመሪያዋ መስመር በመጋቢት 1976 በአምስት ጣቢያ ተከፈተች፤ ዛሬ 98 ጣቢያ ነው። የሚያስተዳድረው ድርጅት የማንም ከተማ አይደለም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ተስማምተው፣ ኮንግረስ አጽድቆት፣ በ1967 የተቋቋመ ነው። ቦርዱ ላይ ከየሦስቱ ሁለት ሁለት፣ ከፌዴራል መንግሥት ሁለት ድምፅ ሰጪ ይቀመጣል። ትልቁ ነገር ግን እዚህ ጋ ነው፦ ከሦስቱ ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ሰው ካልደገፈ ውሳኔ አያልፍም። በብዛት መዋጥ የለም ማለት ነው።

ዋጋውን ደግሞ ባቡሩ ከፈለ። ለዐሥርት ዓመታት ቋሚ የገቢ ምንጭ አልነበረውም፤ በየዓመቱ ከየመንግሥታቱ በጀት ይለምን ነበር። ጥገናው ተጓተተ፤ በ2009 ሬድ ላይን ላይ ሁለት ባቡር ተጋጭቶ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ቋሚ ገንዘብ የተመደበለት በ2018 ነው፦ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ዲሲ 178.5፣ ሜሪላንድ 167፣ ቨርጂንያ 154.5። ቁጥሮቹን ስመለከት የድርድሩ ክርክር ከነነጥቡ ተሰማኝ። ግማሽ ሚሊዮኗ እንኳን ታስባበታለች።

ስድስት ሚሊዮን ከምናምን ሕዝብ ያለው ይህ ሁሉ አካባቢ የሚመካከርበት ጉባኤ ከ1957 ጀምሮ አለ፤ 24 የአካባቢ መንግሥታት አባል ናቸው። ሕግ አያወጣም፣ ግብር አይሰበስብም። መጀመሪያ «እንግዲያማ ምን ያደርጋል» ብዬ ነበር። ነገር ግን መንገድ ለመሥራት የፌዴራል ገንዘብ የሚፈልግ ሁሉ ዕቅዱን እዚያ አምጥቶ ከሌላው ጋር ማስማማት አለበት። ጥርስ የለውም፤ ሁሉም የሚበላበት ገበታ ግን እሱ ጋ ነው።

ማታ የጋሼ ባለቤት ከሥራ ስትመለስ አንድ ነገር ነገረችኝ። ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የምትሠራው፤ በ2025 የዲሲ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 17.95 ዶላር፣ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂንያ 12.41 ነበር። ስለዚህ ሰው ደመወዙን ከዲሲ፣ ቤቱን ኪራይ ቀለል ካለበት ይፈልጋል። የገቢ ግብሯን ግን የምትከፍለው ለሜሪላንድና ለካውንቲው ነው፤ ያው የ1973ቱ ሕግ ዲሲ ከውጭ የሚመጣ ሠራተኛ ላይ የገቢ ግብር እንዳትጥል ከልክሏታል። ቀን ላይ የከተማዋን መንገድ፣ ፖሊስና ውኃ የሚጠቀመው ሰው ሁሉ ማታ ግብሩን ይዞ ይወጣል። «እኔ ምን ላድርግ፣ ከደመወዜ ቀድመው ነው የሚቆርጡት» አለችና ሳቀች።

መስከረም 14፤ አሌክሳንድሪያ

ጋሼ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር በታክሲው ይዞኝ ሄደ። ድንበሩን ከታክሲ ነጂ በላይ የሚያውቀው የለም። የዲሲ ታክሲ ሰው ጭኖ ቨርጂንያ ማድረስ ይችላል፤ እዚያ ግን ከመንገድ ላይ እጁን የዘረጋለትን ማንሳት አይፈቀድለትም፤ ባዶውን ይመለሳል። የቨርጂንያውም ዲሲ ላይ እንደዚያው። «ሁለት ባዶ ታክሲ ድልድዩ ላይ ሰላም እየተባባልን እንተላለፋለን» ይላል። ኡበር ከመጣ ወዲህ ይህ ሕግ የሚያስረው እነሱን ብቻ እንደሆነ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

መጀመሪያ አንድ የአገሩ ሰው ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አድራሻው ፎልስ ቸርች ይላል። ፎልስ ቸርች ከተማ ደርሰን ስንዞር ቆየን፤ ቤቱ ለካ ከዚያ ርቆ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አጠገብ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። በቨርጂንያ ከተማ የሚባለው ከካውንቲው ነፃ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ግን ለዚህ ደንታ የለውም። ባለቤቶቹ የመኪና ግብራቸውን (ቨርጂንያ በየዓመቱ መኪና ላይ ግብር አለ) አንድ ጊዜ የማይመለከተው ቢሮ ድረስ ወስደው ተሰልፈው እንደተመለሱ አጫወቱን። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አልለቀቁንም። ቆሎው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ እኔ ይዤ ከሄድኩት ይሻላል።

አሌክሳንድሪያ አሮጌው ሰፈር ጡብ፣ የድንጋይ ንጣፍ፣ ቱሪስት። የከተማዋ አውቶቡስ፣ ዳሽ፣ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው። በእሱ ወደ ወንዙ ወረድን። ጆንስ ፖይንት የሚባለው ስፍራ በ1791 የመጀመሪያው የወሰን ድንጋይ የተተከለበት ነው፤ ትንሽ ነጭ የመብራት ቤት አለ፤ ከአናቱ ላይ የዊልሰን ድልድይ መኪናውን ተሸክሞ ያገሳል። ወደ ድልድዩ ወጥተን በእግረኛው መንገድ ሄድን። ቨርጂንያ ጀምረሽ፣ መሃሉ ላይ የዲሲን ጥግ ቆርጠሽ፣ ሜሪላንድ ትወርጃለሽ። ዝናብ መጣና ግማሹ ላይ ሮጠን ተመለስን፤ ግን የፈለግሁትን አይቻለሁ።

የፈለግሁት ብሉ ፕሌይንስ ነው። በሰሜን በኩል፣ በዲሲ ዳር የተዘረጋ የፍሳሽ ማጣሪያ፤ በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ። የዲሲን ብቻ ሳይሆን የሞንትጎመሪን፣ የፕሪንስ ጆርጅስን፣ ከቨርጂንያም የፌርፋክስንና የላውደንን ከፊል ፍሳሽ ይቀበላል፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው። ማን ስንት እንደሚልክና ስንት እንደሚከፍል በስምምነት ተጽፏል። ጋሼ «ይህን ለማየት ነው አሜሪካ የመጣሽው?» አለኝ።

አዎን። የኛ የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ውኃ ከኦሮሚያ ምድር ነው የሚመጣው። ቆሻሻችንንም በኛ አቆጣጠር በ2008 ወደ ሰንዳፋ ወስደን ነበር፤ አርሶ አደሩ አቤት አለ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሰንዳፋ ላይ የጎደለው ጉድጓዱ አልነበረም፤ ተቀባዩ የሚያገኘውና ላኪው የሚከፍለው ቀድሞ አልተጻፈም። ዛሬ ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል፤ አዲስ አበባ እንደ ቀለበት የከበባት ሌላ ትልቅ ከተማ አላት። የሁለቱ ውኃ፣ ቆሻሻና ታክሲ ግን ዛሬም በአንድ መንገድ ነው የሚመላለሰው።

መስከረም 16፤ ደመራ

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የመኪና ማቆሚያው ላይ ደመራ ተተከለ። ከካውንቲው የእሳት ፈቃድ ተወስዷል፤ የእሳት አደጋ መኪና ዳር ላይ ቆሞ፣ ሁለት ፈረንጅ ሠራተኞች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። ደመራው እንደኛው ትልቅ አይደለም፤ ፈቃዱ ላይ ቁመቱ ተወስኗል። የቨርጂንያ ዘመዶችም የመጡት እዚህ ነው። በየትኛው ካውንቲ እንደቆሙ የጠየቀ የለም።

መስከረም 18፤ በሲልቨር ላይን ወደ ደለስ

እሑድ ባቡሩ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ጋሼ ጣቢያው ድረስ አደረሰኝና ሻንጣውን አወረደ። በአዘቦት ቀን ረጅሙ ጉዞ 6.75 ዶላር ነው፤ በሳምንት መጨረሻ ግን የትም ቢሄዱ ከ2.50 አይበልጥም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ደለስ፣ ከሜሪላንድ በዲሲ ሥር አልፎ ቨርጂንያ፣ በ2.50! ሜትሮ ሴንተር ላይ ባቡር ቀየርኩ።

ከሮዝሊን እስከ ባልስተን ባቡሩ በአርሊንግተን ሥር ይሄዳል። መስመሩ ሲታሰብ በአውራ ጎዳናው መሃል በርካሽ ማሳለፍ ይቻል ነበር፤ አርሊንግተን ተሟግታ በመንደሮቿ መሃል ከመሬት በታች አደረገችው፣ ከዚያም ፎቁን ሁሉ በየጣቢያው ዙሪያ ሰበሰበች። ካየሁት ሁሉ እንደ ፕላን ባለሙያ የምመርጠው ይህን ነው። ታይሰንስ ላይ ባቡሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ መስታወት በመስታወት የሆነ የቢሮ ጫካ ነው፣ እሱም ከተማ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ በደለስ መንገድ መሃል ይገባል። መሃለኛው መስመር ወደ ኤርፖርት ለሚሄድ ነፃ ነው፤ ጎንና ጎኑ የክፍያ መንገድ ነው፣ የሚሰበስበውም የኤርፖርቱ ባለሥልጣን። ይህ እስከ ደለስ በኅዳር 2022 የደረሰው ባቡር ሲሠራ ትልቁን ድርሻ የከፈለው የዚያ መንገድ ገቢ ነው። ሻንጣዬን ሲያወርድ ጋሼ «በኔ ገንዘብ ነው የምትሄጂው፣ ተመቻችተሽ ተቀመጪ» ያለኝ ለዚህ ነበር። በመስኮቱ ሳይ ከጎኔ መኪኖቹ እየከፈሉ ይሄዳሉ።

ኤርፖርቱ መሬቱ የፌዴራል፣ ሥራው የባለሥልጣኑ፣ ካውንቲው ላውደን፣ ጣቢያው የሜትሮ ነው። ሻንጣዬ ከ23 ኪሎ ሁለት ኪሎ አለፈ። የአክስቴን ሁለት ጥንድ ጫማና አንድ ብርድ ልብስ አውጥቼ በእጅ ያዝኩ፤ የሚዛኑ ልጅ ሐበሻ ስለነበር ብርድ ልብሱን ዓይቶ እንዳላየ አለፈ።